ወረርሽኝ ቢመጣ ማኅበራችንን ምን እናድርገው?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለመምህር። የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። በየወሩ በ21 የእመቤታችንን የጽዋ ማኅበር እንጠጣለን። በኮሮና ጊዜ ማኅበሩ ተቋርጦ ነበር፤ ሲጀመር ግማሹ ሰው አልተመለሰም። አሁን ደግሞ እናቴ ሳንባዋን ስለምትታመም ሐኪሟ ሰው የሚጨናነቅበት ቦታ እንዳትሄድ ነግሯታል። አንዳንድ እኅቶች ግን «በሽታ ፈርቶ ከቤተ ክርስቲያን መቅረት የእምነት ማነስ ነው» ይሏታል፤ እሷም ታዝናለች። ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ ምን እናድርግ? በስልክ ወይም በቴሌግራም አብረን ብንጸልይ ማኅበር ይባላል? በእንዲህ ያለ ጊዜስ ማንን ነው መርዳት ያለብን?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

እኅቴ፣ የእናትሽ እምነት አላነሰም። ሰይጣን ጌታችንን ከቤተ መቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር ባለው ጊዜ የሰማው መልስ «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው» የሚል ነው (ማቴ. 4፥7)። እግዚአብሔር ይጠብቀኛል ብሎ ማመን አንድ ነገር ነው። አደጋ ውስጥ ገብቶ «እስቲ ጠብቀኝ» ማለት ሌላ ነው። ደግሞም ወረርሽኝ የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም። እኔ ደፍሬ ብሄድ፣ አጠገቤ ቆመው ለሚያስቀድሱት እናት ምን ይዤ እንደሄድኩ አላውቅም። የእኔ ድፍረት ለእሳቸው ሞት ሊሆን ይችላል። እነዚያን እኅቶች በእኔ ስም ንገሪያቸው፤ የታመመ ሰው ይጠየቃል እንጂ አይወቀስም። ጌታም በፍርድ ቀን የሚለን «ታምሜ ጠይቃችሁኛልና» ነው (ማቴ. 25፥36)። ለእናትሽም የንስሐ አባታችሁ ቤት ድረስ ይምጡላት። የታመመ የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ይጥራ ብሎ ያዘዘው ሐዋርያው ያዕቆብ ነው።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሽታው ወደ አገራችን ሲገባ ዐቢይ ጾም ላይ ነበርን። በወሩ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ወጣ፤ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ። የዚያን ዓመት ትንሣኤ፣ ሚያዝያ 11 ቀን፣ ብዙ ምእመን ቅዳሴውን በቴሌቪዥን እየተከታተለ ቤቱ ፈሰከ። ዐርባ አራቱ ታቦት በሚባልባት ከተማ ደወል እየሰሙ ቤት መቀመጥ ምን ያህል እንደሚከብድ ለአንቺ አልነግርሽም።

ግን ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማት የመጀመሪያዋ አይደለም። በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስክንድርያ 14ኛ ሊቀ ጳጳሳት የነበረው ቅዱስ ዲዮናስዮስ በስደትም በወረርሽኝም ተፈትኗል። በወረርሽኙ ዘመን ለትንሣኤ በጻፈው መልእክት፣ በስደቱ ጊዜ እርሻው፣ በረሃው፣ መርከቡ፣ ወህኒ ቤቱ ሁሉ በዓል ማክበሪያ እንደ ሆነላቸው ይናገራል። በዚያው መልእክት ካህናት፣ ዲያቆናትና ምእመናን በሽተኞችን ሲያስታምሙ በበሽታው ተይዘው እንደ ሞቱም ይተርካል። እኅቴ፣ ሁለቱንም አብረሽ ያዢልኝ። የምንሰባሰብበት ቦታ ሊለወጥ ይችላል። የታመመን መጠየቅ ግን አይቀርም። ልዩነቱ እኛ ዛሬ በሽታው በምን እንደሚተላለፍ ማወቃችን ነው፤ ስለዚህ የምናስታምመው አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን፣ እጃችንን ታጥበን ነው።

በስልክ የሚደረገው ማኅበር ይባላል ወይ ላልሽው፣ አዎ ይባላል። ሙሉ ግን አይደለም። ቅዱስ ቁርባን በስልክ አይወሰድም፤ ጽዋውም በስልክ አይዞርም። ቅዱስ ዮሐንስ ለልጆቹ እየጻፈ እንኳ፣ በወረቀትና በቀለም ብቻ መጨረስ እንደማይወድ፣ መጥቶ አፍ ለአፍ መነጋገርን ተስፋ እንደሚያደርግ ይናገራል። ስልክ እስክንገናኝ ድረስ የሚያቆየን ነው። ሰዓት ወስኑና ሁሉም በየቤቱ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ያድርስ፤ የቻለ ዳዊት ይጨምር። ያ ጸሎት አንድ ጸሎት ነው።

አንድ የማልወደው ነገር አለ። ቴሌግራም ላይ የቅዱሳን ሥዕልና «እንኳን አደረሳችሁ» መላላክ መጠያየቅ አይደለም። ሁለት መቶ ሰው ያለበት ግሩፕ ውስጥ አንዲት እናት ሦስት ቀን ሳትበላ ብትውል ማንም አያውቅም። ትልልቆቹ እናቶች ደግሞ ስማርት ስልክ የላቸውም። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን እኛ ጎንደሮች እናውቀዋለን። ስለዚህ በተራ ስልክ ደውሉ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ አባላቱን ያከፋፍል፤ አንድ ሰው ሦስት አራት ቤት ይያዝ። የሚጠየቀውም ግልጽ ይሁን፦ በልተሻል ወይ? መድኃኒትሽ አላለቀም ወይ? ውኃ የሚቀዳልሽ ሰው አለ? እናትሽ ከቤት ባትወጣም ይህን ሥራ ልትሠራ ትችላለች። እንዲያውም ከሁላችን ይልቅ የእሷን ድምፅ የሚናፍቁ ይኖራሉ።

ማንን እንርዳ ያልሽውን ግን ሰፋ አድርጌ ልመልስ፤ ብዙ ማኅበራት የሚዘነጉት እዚህ ላይ ነውና። ወረርሽኝ ሲመጣ ርዳታው ሁሉ ሳሙናና ማስክ ይሆናል። ያስፈልጋል፣ አልቃወምም። መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን ግን «በእኛ መሰብሰብ ማን ይበላ ነበር?» የሚለውን ነው። ሰንበቴው ሲቀር፣ ዝክሩ ሲታጠፍ፣ ተዝካሩና ክርስትናው ያለ ድግስ ሲያልፍ እኛ ቤታችን ገብተን እንበላለን። በቤተ ክርስቲያን በር የሚቀመጡት ነዳያን ግን የዕለት ጉርሳቸው በአንድ ቀን ይቋረጣል። በሽታው ሳይደርስባቸው ረሃቡ ይደርስባቸዋል። አቅም የሌላቸው መነኮሳይትም እንደዚሁ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ አይለምኑም።

ጎንደር ላይ ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ የቆሎ ተማሪው ነው። ከተማችን የድጓ፣ የቅኔ፣ የአቋቋም፣ የመጻሕፍት ትርጓሜ አገር ናት። በበአታ ለማርያም አቋቋም ሊማር ከጎጃም ወይም ከወሎ የመጣ ልጅ እዚህ ዘመድ የለውም። የሚያድረው ትንሽ ጎጆ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ተጨናንቆ ነው። የሚበላው አኮፋዳውን አንግቶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ነው። ወረርሽኝ ሲመጣ ማደሪያው ለበሽታ ያጋልጠዋል፣ ደጁም ይዘጋበታል። «በሽታ ይዞ መጥቶ ይሆናል» ብሎ የሚያባርረውም አይጠፋም። ይህ ልጅ የነገ መሪጌታችን ነው። እሱ ተርቦ ትምህርቱን ጥሎ ቢሄድ የሚጎድለው የአንድ ሰው እንጀራ ብቻ አይደለም፤ ከዘመን ዘመን የመጣው ዜማም አብሮ ይጎድላል።

ስለዚህ ማኅበራችሁ አንድ ጉባኤ ቤት ይያዝ። አሁኑኑ፣ ደህና ቀን እያለ። የኔታን አነጋግሩና ስንት ተማሪ እንዳለ እወቁ። የክፉ ቀን ሲመጣ በሳምንት አንድ ቀን አንድ ሰው በሶ፣ ሽሮ፣ ቆሎና ሳሙና ያድርስላቸው። ተማሪው በየቤቱ መዞሩ ከቀረለት እሱም ይጠበቃል፣ መንደሩም ይጠበቃል። ገንዘቡ ከየት ይምጣ? የወሩ ተረኛ ለድግስ ልታወጣው የነበረው አለ አይደል? ድግሱ ሲቀር ብሩ አይቅር። በቴሌብር ይሰብሰብ፣ ሁለት ሰው ይያዘው፣ ወጪው ለሁሉም ይነገር። ጎረቤትሽ ሙስሊም ብትሆንም ከታመመች ምግቧን በሯ ላይ አድርሱላት፤ ደጉ ሳምራዊ ቁስለኛውን ሃይማኖትህ ምንድን ነው አላለውም።

ሐኪም የሚለውንም ስሙ፤ በሽታው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ኮሮና በትንፋሽ ነው የሚተላለፈው። ኮሌራ ግን በተበከለ ውኃና ምግብ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ቋራ በርሜል ጊዮርጊስ ጠበል ቦታ ላይ ኮሌራ ገብቶ ብዙ ሰው መታመሙን ታስታውሻለሽ። እዚያ የሚጠቅመው መጸዳጃ ቤት መቆፈርና የመጠጥ ውኃን ማከም ነው። ጠበል የምንጠመቀው በእምነት ነው፤ መጸዳጃ የምንቆፍረው ደግሞ ለወንድማችን ስለምናስብ ነው። አንዱ ሌላውን አይሽረውም። በጎንደር በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ እንዲከፈት አንዱ ምክንያት ከዚያ በፊት በደምቢያ ብዙ ሕዝብ የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ነበር። እግዚአብሔር በሐኪም እጅም ይፈውሳል።

ለቅሶ ያልተደረሰለትን ሰው አትርሱ። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ሰው ሳይሰበሰብላቸው የቀበሩ ቤተሰቦች አሉ። ዓመታት አልፈዋል ብላችሁ አትተዉት፤ ዛሬም ሄዳችሁ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብትሏቸው አይዘገይም።

ያልተመለሱትን አባላት በተመለከተ፣ ብዙዎቹ ማኅበሩን ጠልተው አይመስለኝም። ሥራው ተቀዛቅዞ፣ ኑሮው ተወዶ፣ ተራ ሲደርስ መደገሱን ፈርተው ነው። ድሮ እንደነበረው ጠላና ወጥ ደግሶ ማብላት ለብዙ ቤት ከባድ ሆኗል። ደግሞ ይህን በአፉ የሚናገር የለም፤ ሰው ያፍራል። በሚቀጥለው 21 ተወያዩበትና ድግሱን ዳቦና ቆሎ አድርጉት። ከዚያ ሁለት ሁለት ሆናችሁ በየቤታቸው ሂዱ። ለምን ቀራችሁ ብላችሁ አትጠይቋቸው። ተራው ዳቦና ቆሎ ብቻ እንደ ሆነ ነግራችሁ ቀኑን አሳውቋቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።