መስማት የተሳነው ልጄ ፊቴን አያየኝም፤ ኦቲዝም ይሆን?

ጥያቄ፦ ልጄ 3 ዓመት ከ8 ወር ሆኖታል። በ1 ዓመቱ ማጅራት ገትር ታሞ ከዳነ ወዲህ መስማት እንደማይችል ተነግሮናል። ፊቴን አያየኝም፤ የሆነ ነገር ሲፈልግ የእኔን እጅ ይዞ ይጎትታል እንጂ በጣቱ አያመለክትም፤ የድስት ክዳን ሲያሽከረክር ይውላል። ዘመዶች ኦቲዝም ነው ይላሉ። ጎረቤቶቼ ደግሞ በእጅ ምልክት ካስለመድሽው ጨርሶ አይናገርም ይሉኛል። ትንሽ እስኪያድግ ልጠብቅ ወይ? ለጆሮው የነጭ ሽንኩርት ዘይትና ከመድኃኒት ቤት የገዛሁትን የጄንታማይሲን ጠብታ እያደረግሁለት ነው። (እናት፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለ ኦቲዝም ቢሆንም፣ ከጥያቄዎ ሥር ያለው ሥጋት «ልጄ እኔን እናቱን አያውቀኝም ይሆን?» የሚል ይመስለኛል። ያውቅዎታል፤ ቤት ውስጥ ስንት እጅ እያለ የሚጎትተው የእርስዎን ነው። ኦቲዝም፣ ማለትም ከሰው ጋር መግባባትን የሚያከብድ የአእምሮ እድገት ልዩነት፣ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ከእናት አያያዝ የሚመጣ ባለመሆኑ ራስዎን አይውቀሱ።

ስሙ ሲጠራ አለመዞሩና አለመናገሩ ለኦቲዝም ማስረጃ አይሆኑም፤ አይሰማምና። ሆኖም መስማት የተሳነው ሕፃን ጆሮው የነፈገውን በዓይኑ ስለሚፈልግ አብዛኛውን ጊዜ የሰው ፊት አተኩሮ ያያል፣ ያማረውን በጣቱ ያመለክታል፣ ያገኘውንም «እይልኝ» በሚል አኳኋን ያመጣል። ልጅዎ እነዚህን የማያደርግ ከሆነ፣ አለመስማቱ ብቻውን ሁሉንም አያስረዳምና መመርመር ይኖርበታል፤ አለመስማትና ኦቲዝም በአንድ ልጅ ላይ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። በሌላ በኩል ለዓመታት ምንም ዓይነት ቋንቋ ያልደረሰው ልጅ ከሰው ሊርቅ ስለሚችል፣ ክዳን ማሽከርከሩን ብቻ አይቶ የበሽታ ስም የሚሰጥን ሰው አይስሙት።

ከሁሉ ያሳሰበኝ የጎረቤቶችዎ ምክር ነው። የእጅ ምልክት የልጅን አንደበት ይዘጋል የሚለው አባባል ሐሰት ነው፤ ከወላጆች ደጋግሜ ስለምሰማውም ረዘም አድርጌ ልመልስበት። መስማት ከተሳናቸው ወላጆች ተወልደው ከጨቅላነታቸው ጀምሮ ምልክት እያዩ ያደጉ ልጆች የመጀመሪያ ቃላቸውን በእጃቸው የሚያወጡት፣ የሚሰሙ ልጆች በአፋቸው በሚያወጡበት በ1 ዓመት ዕድሜ ገደማ ነው። ለአእምሮ ቋንቋው በጆሮም ገባ በዓይን ለውጥ የለውም፤ የሚጎዳው ጨርሶ ሳይገባ ሲቀር ነው፤ ለዚህም ዋነኞቹ የመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ናቸው፤ ልጅዎ ደግሞ አብዛኛውን ጨርሷል። ነገ የመስሚያ መሣሪያና የንግግር ሥልጠና ቢያገኝ፣ በእጁ የሚያውቀው ቃል ለአፉ መንገድ ሊጠርግለት ይችላል። ኦቲዝም መኖሩ ቢረጋገጥም ምክሬ አይለወጥም፤ ኦቲዝም ኖሮባቸው ጆሯቸው የሚሰማ ልጆችን እንኳ ምልክትና ሥዕል ሊረዷቸው ይችላሉ። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋም ሰው ሲቸግረው የሚፈጥረው ጥቅሻ ሳይሆን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ የሚሰጥ ሙሉ ቋንቋ ነው።

ስለዚህ መስማት ከተሳናቸው አዋቂዎች ወይም ከልዩ ፍላጎት መምህር ምልክት መማር ይጀምሩ። «ውኃ»፣ «ዳቦ»፣ «ና»፣ «በቃ» የሚሉትን፣ ዝቅ ብለው ከያዘው ዕቃ አጠገብ ያሳዩት፤ «እየኝ» ብለው አገጩን አይያዙት። ከቤት ስትወጡ የምትሄዱበትን ቦታ አስቀድመው በፎቶ ያሳዩት።

ዘይቱንና ጠብታውን ግን ዛሬውኑ ያቁሙ። ማጅራት ገትር የሚጎዳው የውስጠኛውን ጆሮ ስለሆነ ከላይ የሚፈስ ዘይት አያድነውም፤ ጄንታማይሲን ደግሞ ራሱ መስማትን ሊጎዳ የሚችል መድኃኒት ነው፤ የጆሮው ታምቡር ተቀዶ ከሆነ ወደ ውስጥ ዘልቆ የተረፈችውን ጥቂት መስማት ሊወስድበት ይችላል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሸጠልዎት ሰውም ሊያፍር ይገባዋል። እስኪያድግ ልጠብቅ ወይ ላሉት መልሴ አጭር ነው፤ አይጠብቁ። ጠበል ሊወስዱት ቢያስቡም አልከለክልዎትም፤ ምርመራውን ካላዘገየ።

በዚህ ሳምንት ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይውሰዱት፤ የአንገት በላይ ሐኪም የቀረውን መስማት፣ የሕፃናት ሐኪም ደግሞ እድገቱን ይመርምሩት። አካል ጉዳተኞችን በሚኖሩበት አካባቢ ስለሚረዳው የዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ አቀፍ የተሐድሶ ፕሮግራምም ይጠይቁ። እዚህ ያለውን ሳይጨርሱ ንብረት ሸጠው አዲስ አበባ እንዲሄዱ አልመክርም።

ልጅዎ ቀድሞ ያደርግ የነበረውን ነገር፣ ለምሳሌ መሳቅን፣ እጅ ማውለብለብን ወይም መራመድን ከተወ፣ ወይም በድንገት ፈዝዞ የሚቀር ወይም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ከማጅራት ገትር በኋላ የሚጥል በሽታ ሊከተል ስለሚችል ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ያድርሱት።