ከዳር ሰፈር ወደ ሥራ በሳይክል፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰሞኑን ስለ ሳይክል የሚደርሱኝ ጥያቄዎች በዝተዋል። አብዛኞቹ የሚመጡት ከከተማው ዳር ነው፤ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከጀሞ፣ ከለገጣፎ፣ ከሱሉልታ። አይገርምም። ጠዋቱን በታክሲ ሰልፍ የሚጨርሰው የዳር ሰፈር ሰው ነው። በኮሪደር ልማቱ መሃል ከተማው የብስክሌት መስመር እያገኘ ነው፤ እኛ ጋ ግን ኮብልስቶኑም፣ ጭቃውም፣ የጭነት መኪናውም አለ። ስለዚህ ለሁላችሁም አንድ ነገር ላስቀድም፦ ሳይክል ከመምረጣችሁ በፊት መንገዳችሁን እወቁ። አንድ እሁድ ጠዋት በተውሶ ሳይክል ወይም በእግራችሁ ከቤት እስከ ሥራ ሂዱበት። ዳገቱ የት ይጀምራል? አስፋልቱ የት ያልቃል? ሱቅ የምትገቡት ከዚያ በኋላ ነው።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ ሥራዬ ሳሪስ ነው። ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለው፣ ዲስክ ፍሬን የተገጠመለት አዲስ ማውንቴን ባይክ አይቻለሁ። በዚያው ዋጋ ያገለገለ የአውሮፓ ሳይክልም አለ። የቱን ልግዛ?

ያገለገለውን ግዛ፤ ግን አገላብጠህ ካየኸው በኋላ።

ከተማችን ወደ ደቡብ ያዘቀዝቃል። ከእንጦጦ ወደ ከተማው የሚወርዱት ወንዞች ወደ አቃቂ የሚፈሱት ለዚህ ነው። አንተ ደግሞ ጠዋት ጠዋት በወንዙ ተቃራኒ ነው የምትሄደው። በዳገት ላይ የኋላ ሞላ ጉልበትህን ይበላል። ፔዳሉን በረገጥክ ቁጥር ሳይክሉ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ወደ ፊት ሊገፋህ የሚገባው ኃይል ሞላው ውስጥ ይቀራል። ርካሽ ሞላ ከባድም ነው፣ ቶሎም ይላላል። ለኮብልስቶን የሚበጅህ ወፍራም ጎማ ነው። ስፋቱ ወደ 2 ኢንች የሚጠጋ ጎማ በልኩ ተነፍቶ ንዝረቱን ይችልልሃል።

አሁን ወደ ማገላበጡ። ሳይክሉን ገልብጠህ በመቀመጫውና በመሪው አቁመው። መሪው የሚገባበት ቱቦ ከታችኛው ቱቦ ጋር የተበየደበትን ቦታ በጨርቅ ጥረገው፤ ከዚያ በስልክህ መብራት ተመልከት። የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ ወይም የተሸበሸበ ቀለም ካየህ ተወው፤ ያ ሳይክል አንድ ጊዜ በፊት ለፊቱ ሳይጋጭ አልቀረም። ቀጥሎ ጎማዎቹን አሽከርክር። ቸርኬው በፍሬኑ ላስቲኮች መካከል ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ ዋጋ ትቀንስበታለህ፤ ሽቦዎቹን አጥብቆ ማስተካከል ይቻላል። ፔዳሉ የተያያዘበትን ክንድ ይዘህ ወደ ጎን ነቅንቀው። ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው አልቋል። እሱም ይቀየራል፤ ግን ወጪ ነው።

ማግኔት ካለህ ይዘህ ሂድ። ፍሬሙ ላይ ከተጣበቀ ብረት ነው፤ ካልተጣበቀ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ይቀላል፣ አይዝግም። ብረት ግን ቢሰበር የሰፈር በያጅ ይበይደዋል። አሉሚኒየም የራሱ መበየጃና የራሱ ሙያ ይፈልጋል። ለዳር ሰፈር ሰው እኔ ብረቱን አስቀድማለሁ።

ብዙ ሰው የማያየው ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ የአየር መሙያው ቫልቭ። ከአውሮፓ የሚመጡት ሳይክሎች ብዙዎቹ ቀጭን ቫልቭ ነው ያላቸው። የሰፈርህ ጎሚስታ ግን ያለው የመኪና መንፊያ ነው፤ አይገጥምለትም። ወይ ትንሿን መቀየሪያ ገዝተህ ኪስህ ውስጥ አኑር፣ ወይ ከመነዳሪውን የመኪና ዓይነት ቫልቭ ባለው ቀይር። የሁለተኛው ቫልቭ ወፈር ስለሚል የቸርኬው ቀዳዳ በቃው እንደሆነ አስቀድመህ እይ። ጎሚስታ ጋ ስታስነፋም በትንሽ በትንሹ ይሁን። የሳይክል ከመነዳሪ ትንሽ ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ ይፈነዳል። ልኩ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል።

ባለ 21 ማርሽ ሳይክል አለኝ፤ ግን የሰፈሬን ዳገት ወርጄ እየገፋሁ ነው የምወጣው። ማርሹ 21 ሆኖ ምን ጎደለው?

የማርሽ ብዛት ዳገት አያወጣም። ዳገት የሚያወጣው የጥርሶቹ ቁጥር ነው። ቁጭ ብለህ ቁጠራቸው። ከፊት የትንሿ ክብ ጥርሶች 28፣ ከኋላ የትልቁ ክብ ጥርሶችም 28 ከሆኑ፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል። ለእኛ ዳገት ይህ ከባድ ነው። አየራችንም ስስ መሆኑን አትርሳ፤ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፣ ሳንባህ የሚያገኘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻ ከሚገኘው በሩብ ያህል ያንሳል።

መፍትሔው ሌላ ሳይክል መግዛት አይደለም። የኋላዎቹን ክቦች ብቻ ከ14 እስከ 34 ጥርስ ባላቸው አስቀይር። ያኔ ፔዳሉ አንድ ዙር ሲሄድ ጎማው 0.8 ዙር ብቻ ይሄዳል። ፍጥነትህ ይቀንሳል፤ ትንፋሽህ ግን አይቆረጥም፣ ሥራ ቦታም በላብ ተዘፍቀህ አትደርስም። ሁለት ነገር አረጋግጥ፦ ካቴናው በትልቁ ጥርስ ለመዞር ርዝመቱ ይበቃዋል ወይ? የኋላ ማርሽ ቀያሪው ክንድስ ረጅም ነው ወይ? አጭሩ ዓይነት 34 ጥርስ አይችልም።

አንድ ማርሽ ብቻ ያለው ጥቁሩ የድሮ ሳይክል ያላችሁም ጠይቃችኋል። እሱም ይስተካከላል። ከፊት 44፣ ከኋላ 18 ጥርስ ከሆነ የኋላውን 22 አድርጉት። ወጪው ትንሽ ነው፣ ለውጡን ግን እግራችሁ ወዲያው ያውቀዋል። ካቴናው ላይ ጥቂት ዓይኖች መጨመር ሊያስፈልግ ይችላል።

ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ ስወርድ ፍሬኔ ይጮኻል፤ ታች ስደርስ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸተኛል። ምን ላድርግ?

ይህን ጥያቄ በቀላሉ አላልፈውም፤ ቁልቁለቱ ረጅም ነው፣ ከባድ መኪና ይበዛበታል።

ሽታው የሚመጣው ፍሬኑን ይዘው ስለሚወርዱ ነው። ለደቂቃዎች ሳይለቁ ሲይዙት ቸርኬውና ላስቲኩ ይግላሉ፤ የላስቲኩ ፊት ይቀልጥና እንደ መስታወት ያንጸባርቃል። ከዚያ በኋላ ይጮኻል እንጂ አይዝም። ሲወርዱ ጫን አድርገው ይያዙ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ፣ እንደገና ይያዙ። በሁለቱም ፍሬን ይጠቀሙ። ይበልጥ የሚያቆመው የፊቱ ነው፤ ሰውነትዎን ወደ ኋላ አድርገው ቀስ በቀስ ይጫኑት እንጂ በድንገት አይያዙት።

ቤት ሲደርሱ ላስቲኮቹን ፈተው የሚያንጸባርቀውን ፊት በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉት። መልሰው ሲገጥሙ የላስቲኩ የፊት ጫፍ ከኋላው ቀድሞ ቸርኬውን እንዲነካ ትንሽ አዘንብለው ይሰሩት፤ ጩኸቱ ብዙ ጊዜ በዚህ ይጠፋል። ላስቲኩ ላይ ያሉት ቦዮች ከጠፉ አዲስ ይግዙ። እዚህ ላይ ብር መቆጠብ አይገባም።

ቸርኬዎ የሚያብለጨልጭ ኒኬል ቅብ ብረት ከሆነ ደግሞ በክረምት በዚያ ቁልቁለት አይውረዱ። ብረት ቸርኬ ሲረጥብ ፍሬን እጅግ ዘግይቶ ነው የሚይዘው። የአሉሚኒየም ቸርኬ ማስገጠም ለእርስዎ መንገድ ከሁሉ ይቀድማል፤ ከመቀመጫም፣ ከመብራትም፣ ከቀለምም።

ጀሞ ነኝ፤ በሥራ ቦታዬ ቀሚስ መልበስ ግዴታ ነው። ሳይክል ለእኔ ይሆናል?

ይሆናል እህቴ። የመሐል ቱቦው ወደ ታች ዝቅ ያለውን ምረጪ፤ እግርሽን ሳታነሺ ትወጪበታለሽ። ካቴናው ሙሉ ሽፋን ይኑረው፤ ከሌለው ከፕላስቲክ የተሠራ ሽፋን ይገጠምለታል። በኋላ ጎማው በሁለቱም ጎን ከፓራፋንጎው እስከ መሐል የሚወርድ መረብ አሠሪ። ወፍራም መረብ ገዝተሽ በመርፌ ብትሰፊውም ይሠራል፤ ብቻ ተወጥሮ ይታሰር። ቀሚስም ነጠላም ሽቦ ውስጥ የሚገባው በዚያ በኩል ነው። ነጠላሽን ግን ስትነጂ ቦርሳ ውስጥ ክተቺው።

ሰው ያይሽ ይሆናል። ይልመድ።

ለወንዶችም ይህንኑ ሳይክል እመክራለሁ፤ በተለይ ከኋላ ዕቃ ለምትጭኑ። ጭነት ላይ እግር አሻግሮ መውጣት ስንቱን ጥሏል።

የ6 ዓመት ልጄን ፖርቶመጋላው ላይ ትራስ አድርጌ ትምህርት ቤት አደርሳታለሁ። ምን ብጨምርበት ይሻላል?

ትራሱን አንሳና መጀመሪያ እግሯን አስብ። ልጆች የሚጎዱት ሲወድቁ ብቻ አይደለም፤ የተንጠለጠለ እግራቸው የኋላ ጎማ ሽቦ ውስጥ ሲገባም ነው። ቁርጭምጭሚት ይሰብራል። ስለዚህ እስከዚያው በእግር ውሰዳት።

የሚያስፈልግህ የልጅ መቀመጫ ነው፤ የጀርባ መደገፊያ፣ ቀበቶና እግር የሚያስር መርገጫ ያለው። አብዛኞቹ የኋላ መቀመጫዎች እስከ 22 ኪሎ ነው የሚሸከሙት፤ የ6 ዓመት ልጅ ደግሞ ወደዚያ ትጠጋለች። ስለዚህ ልትመዝናት ይገባል። ፖርቶመጋላህ ላይም የክብደት ልክ ተጽፎ ታገኛለህ፤ ብዙ ጊዜ 25 ኪሎ ነው። መቀመጫውን ራሱን ጨምረህ ደምር። ለእሷም ለአንተም ሄልሜት። መንገዱም የሰፈር ውስጥ መንገድ ይሁን። ዋናውን አስፋልት ከልጅ ጋር አልመክርም።

በክረምት ኮዬ ፈጬ ጭቃው ጎማዬን አያዞረውም። ካቴናዬም በየጊዜው ይበጠሳል።

ጭቃው የሚጣበቀው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ነው። ፓራፋንጎውን ከፍ አድርገህ እሰረው፤ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። የፊተኛው ፓራፋንጎ ጫፍ ላይ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ ብታንጠለጥል ጫማህና ካቴናህ ከጭቃ ይተርፋሉ።

ካቴናው የሚበጠሰው አልቆ ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም። በሜትር ለካው። ከአንድ ፒን መሐል ጀምረህ 24 ዓይን ቁጠር። አዲስ ካቴና 30 ሴንቲ ሜትር ከ5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከ30 ሴንቲ ሜትር ከ6 ሚሊ ሜትር ካለፈ ቀይረው። 30 ሴንቲ ሜትር ከ8 ሚሊ ከደረሰ ጥርሶቹንም በልቷቸዋል፤ ካቴናውን ብቻ ብትቀይር አዲሱ ይዘላል። ጭቃ ላይ በዋልክበት ማታ ካቴናውን በጨርቅ ጥረገው፣ ቀጭን ዘይት ጠብ ጠብ አድርግና ትርፉን መልሰህ ጥረግ። ግራሶ አትቀባው። ግራሶ አሸዋውን ይዞ ያስቀረዋል፤ አሸዋው ደግሞ ካቴናውን ይሞርደዋል።

ሌሊት 11 ሰዓት ከለገጣፎ እነሳለሁ። ውሾች እያባረሩኝ ነው።

አይሽቀዳደሙ። ውሻ የሚያባርረው የሚሮጥ ነገር ነው። ፍጥነት ይቀንሱ፣ ኮስተር ባለ ድምፅ ይቆጡት፤ ካልተመለሰ ይውረዱና ሳይክሉን በእርስዎና በውሻው መካከል አድርገው ቀስ እያሉ ይራመዱ። ከነከሰዎት ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠቡ፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄደው ስለ ውሻ በሽታ ክትባት ይጠይቁ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብለው አይቆዩ።

በዚያ ሰዓት ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራትም ያስፈልግዎታል። ማታም ያው ነው፤ እኛ ሀገር በበጋም በክረምትም 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ይመሻል።

52 ዓመቴ ነው፤ መምህር ነኝ። ጓደኞቼ ሳይክል የልጅ ነው ይሉኛል።

መምህር፣ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሄደው ይዩ፤ ሽማግሌው ሁሉ በሳይክል ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሄድም፣ በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልበርን ላይ፣ ከሯጮቿ ጋር የላከችው ብስክሌተኞችን ነው። ለጉልበትዎ ሲሉ መቀመጫውን ብቻ በልኩ ያድርጉ፦ ተቀምጠው ተረከዝዎን ዝቅ ባለው ፔዳል ላይ ሲያሳርፉ እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት። ዝቅ ብሎ መቀመጥ ጉልበት ይጎዳል። የልብ ወይም የደም ግፊት ሕክምና የሚከታተሉ ከሆነ አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ።

በሳይክሌ ላይ የኤሌክትሪክ ሞተር ባስገጥም ይሻላል?

ዳገቱ ካስመረረህና ፍሬንህ ጤነኛ ከሆነ አዎ። ባለ 36 ቮልት፣ 10 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 360 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ፔዳሉን እየረገጥክ ከ25 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ይወስድሃል፤ ዳገት ሲበዛ ከዚያ በታች። ሞተሩ ጎማው መሐል ላይ የሚገባ ከሆነ አክሱሉ እንዳይዞር የሚይዘውን ብረት ሳያስገጥሙልህ አትውጣ። ባትሪውን ደግሞ ተኝተህ ቻርጅ አታድርግ፤ ከበሩ አጠገብም አታስቀምጠው። እሳት ቢነሳ መውጫህን የሚዘጋብህ እሱ ነው።