በምድጃ ሙቀት ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጩ ሳህኖች፦ ከወረኢሉ ለጠየቁን ወንድማችን

ወንድማችን «በማገዶ ምድጃ ሙቀት ኤሌክትሪክ የሚሰጡት ትንንሽ ሳህኖች ስልክ ቻርጅ ያደርጋሉ ወይ? ስንት ልግዛ?» ብለው ጠይቀዋል። አዎ፣ ያደርጋሉ፤ እኔ ደሴ ውስጥ መብራት በጠፋ ቁጥር በእነርሱ እጠቀማለሁ። ነገር ግን ስንት ከማለትዎ በፊት የትኛውን እንደሚገዙ ይወቁ።

1ኛ፦ ሳህኑ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ቲኢሲ1-12706 የሚል ከሆነ የተሠራው ለማቀዝቀዣ ነው፤ 127 በውስጡ ያሉትን የከፊል አስተላላፊ ጥንዶች ብዛት፣ 06 ደግሞ 6 አምፔርን ያመለክታል። ባለሱቁ ይህንኑ «የማመንጫ ነው» ብሎ ሲሸጥልኝ፣ አንዱን ገጽ በመዳፉ ሸፍኖ፣ ሌላውን ከቀዝቃዛ የውኃ ጠርሙስ ጋር አስነክቶ፣ የቴስተሩ (የቮልት መለኪያው) ቁጥር ሲወጣ አሳየኝ። ይህ ማሳያ ምንም አያረጋግጥም። የፊዚክስ ተመራማሪው ሴቤክ እ.ኤ.አ. በ1821 ያስተዋለው ከሙቀት ልዩነት ኤሌክትሪክ የማግኘት ጠባይና ሌላው ተመራማሪ ፔልቲዬ በ1834 ያገኘው በኤሌክትሪክ ሙቀትን ከአንድ ወገን ወደ ሌላው የማሻገር ጠባይ የአንድ ነገር ሁለት ገጽታዎች ስለሆኑ፣ የማቀዝቀዣውም ሳህን በመዳፍ ሙቀት ቴስተር ያንቀሳቅሳል። የሚለያዩት ሙቀት በመቻል ነው። በብዙዎቹ የማቀዝቀዣ ሳህኖች ውስጥ ጥንዶቹን የሚያያይዘው የቢስመዝና የቆርቆሮ ቅልቅል የሆነው መበየጃ (ሊድ) 138 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። የእኔዎቹ ምድጃ ላይ ሲውሉ በነጩ ሴራሚክ ጠርዝ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህሉ ግራጫ እንክብሎች ወጡ፤ ከዚያ በኋላ ቴስተሩ ዜሮ ነበር።

2ኛ፦ ደረሰኙ ላይ «ለማመንጫ» የሚለውንና የሚችለውን ዲግሪ ያስጽፉ። እኔ የያዝኩት ደረሰኝ «የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ» ብቻ ስለሚል ባለሱቁ አልመልስም አለ። አቤት ለማለት የሄድኩበት መሥሪያ ቤት ኃላፊም የተቃጠለውን ሳህን በእስክሪብቶ ገፋ አድርጎ፣ በዕድሜ የሚበልጠውን ሰው አንተ እያለ፣ «ኤሌክትሪክ ከፈለግህ ቆጣሪ አስገባ» ብሎ አሰናበተኝ። ቆጣሪማ አለኝ፤ የጠፋው መብራቱ ነው። አቤቱታዬን እንኳ በመዝገብ አላሰፈረልኝም፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

3ኛው ብዙ ሰው የሚንቀው የቀዝቃዛው ወገን ነው። 127 ጥንድ ያለው የቢስመዝ ቴሉራይድ (ጥንዶቹ የሚሠሩበት ከፊል አስተላላፊ) ሳህን ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት 0.05 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ ስለዚህ በሁለቱ ገጾች መካከል የ60 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር 3 ቮልት፣ ሥራ ላይ ሲውል ደግሞ ግማሹን ያገኛሉ። እሳቱን ማብዛት አይጠቅምም፤ ከሙቀቱ አብዛኛው ወደ ኤሌክትሪክ ሳይለወጥ በሳህኑ አልፎ ስለሚሄድ፣ የሚቀበለው አካል ካልቀዘቀዘ ሁለቱ ወገኖች ይቀራረቡና ቮልቱ ይወርዳል። እኔ በማራገቢያ ፈንታ ከላይ ውኃ የሞላ የአሉሚኒየም ድስት አስቀምጫለሁ። ከፍታችን ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነ ደሴ ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ወረኢሉም ደጋ ነውና ብዙ አይለይም። እኔ ግን እስኪፈላ አልጠብቅም፤ እጅ ሲያቃጥል እቀይረዋለሁ፣ የሞቀውን ለውዱእና ለዕቃ ማጠቢያ እናውለዋለን። ባለቤቴ ከመብራቱ ይልቅ ይህን ታመሰግናለች።

ሳህኑን በቀጥታ ነበልባል ላይ አያድርጉት። የሸክላ ምጣድም ሙቀት በደንብ ስለማያስተላልፍ አይሆንም፤ በእሳቱና በሳህኑ መካከል ወፍራም የአሉሚኒየም ሰሌዳ ያስገቡ፣ በሁለቱም ገጽ ቴርማል ፔስት (ሙቀት የሚያሻግር ቅባት) ስስ አድርገው ይቀቡ፣ ብሎኑንም ሴራሚኩ እንዳይሰነጠቅ በእኩል ያጥብቁ።

ስለ ብዛቱ፦ ከአንድ ሳህን አንድ ዋት ገደማ ካገኙ ደስ ይበልዎት። እኔ አራት በተከታታይ አገናኝቻለሁ። እሳቱ ከፍ ዝቅ ሲል ቮልቱም አብሮ ስለሚዋዥቅ ስልክዎን በቀጥታ አይሰኩ፤ 5 ቮልት ላይ የሚያረጋ መቆጣጠሪያ ያስገቡና መጀመሪያ ፓወር ባንክ ይሙሉ፣ ስልኩን ከእርሱ ቻርጅ ያድርጉ።