በ80 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕ የፀሐይን ግራኑሌሽን ማንሳት፦ ለተጠየቀው መልስ

የወንድማችን ጥያቄ ባጭሩ ይሄ ነው፦ አዲስ አበባ ላይ ባለ 80 ሚሊ ሜትር የሌንስ ቴሌስኮፕ አለው፤ የትኩረት ርዝመቱ 600 ሚሊ ሜትር ነው። ፊቱ ላይ የባደር የፀሐይ ፊልም አለ፣ ካሜራው ባለ 4.3 ማይክሮን ፒክስል ካኖን ነው። የፀሐይ ነጠብጣቦቹ ጥቁር ጠብታ ሆነው ይወጣሉ፤ የቀረው የፀሐይ ገጽ ግን ልሙጥ ወረቀት ይመስላል። ቴሌስኮፑን ልቀይር ወይ ይላል።

አትቀይር። መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። ግራኑሌሽን ማለት የፀሐይ ገጽ ሲንተከተክ የሚይዘው የፍሬ ፍሬ መልክ ነው፤ አንዷ ፍሬ በአማካይ 1000 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሰፋለች። ከምድር ሲታይ ፀሐይ ላይ 1 አርክ ሰከንድ (የአንድ ዲግሪ 3600ኛ እጅ) ማለት ወደ 725 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ ፍሬዋ ለእኛ 1.4 አርክ ሰከንድ ያህል ናት። ባለ 80 ሚሊ ሜትር ሌንስ በአረንጓዴ ብርሃን ለይቶ የሚያሳየው ትንሹ ነገርም ከሞላ ጎደል 1.4 ነው። ስለዚህ የምትሠራው አቅሙ ጫፍ ላይ ነው፤ የሚወጣልህ ሻካራ ገጽ እንጂ አንድ በአንድ የሚቆጠር ፍሬ አይደለም። ጥርት ያለውን ከ120 እስከ 150 ሚሊ ሜትር ያለው ነው የሚሰጥህ። ግን ባንተም ይታያል፤ አሁን ያላየኸው በሌላ ምክንያት ነው።

አንዱ ምክንያት ፒክስል ነው። 206ን በፒክስሉ መጠን አባዛና ለትኩረት ርዝመቱ አካፍል፦ 206 × 4.3 ÷ 600 = 1.48 አርክ ሰከንድ ለአንድ ፒክስል። አንዲት ፍሬ በአንድ ፒክስል ውስጥ ተውጣ ቀርታለች ማለት ነው፤ ቢያንስ ሁለት ፒክስል ያስፈልጋታል። ባለ 2 እጥፍ ባርሎው (የትኩረት ርዝመቱን የሚያባዛ ተጨማሪ ሌንስ) ብታስገባ 0.74 ይሆናል፣ ይበቃል። ባለ 3 እጥፍ አታስብ፤ ብርሃኑን ያሳሳል እንጂ አዲስ ነገር አያመጣም። ባለ 2.4 ማይክሮን ጥቁርና ነጭ የፕላኔት ካሜራ ካገኘህ ደግሞ ያለ ባርሎው 0.82 ላይ ነህ፣ በ1.5 እጥፍ ደህና ትሆናለህ።

ባርሎው ስታስገባ የሚመጣው ሁለተኛው ችግር የሹተር ፍጥነት ነው። ለዓይን በሚሆነው ፊልም፣ ማለትም ዴንሲቲ 5 በሚባለውና ከ100,000 አንድ እጅ በሚያሳልፈው፣ በኤፍ 7.5 (የትኩረት ርዝመቱ ለሌንሱ ስፋት ሲካፈል) እና በአይ ኤስ ኦ 100 ሹተርህ ወደ 1/400 ሰከንድ ነው። በባርሎው ኤፍ 15 ስትሆን ወደ 1/100 ይወርዳል። በዚያች መቶኛ ሰከንድ ውስጥ አየሩ ምስሉን ስለሚያወዛውዘው ፍሬዎቹ እርስ በርስ ይደባለቃሉ። አይ ኤስ ኦ 400 ብታደርግ ወደ 1/400 ትመለሳለህ። የተሻለው ዴንሲቲ 3.8 የሆነው የፎቶ ፊልም ነው፤ 16 እጥፍ ያህል ብርሃን ስለሚያሳልፍ በአይ ኤስ ኦ 100 እንኳ ከ1/1000 በላይ ትሄዳለህ። ነገር ግን በ3.8 ፊልም በዓይን ማየት ፈጽሞ አይቻልም፤ ለካሜራ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ እዚያ ቴሌስኮፕ ላይ የዓይን ሌንስ አትሰካ።

ስለ ደህንነት ካነሳን፦ ማጣሪያው ሁልጊዜ ከቴሌስኮፑ ፊት ነው የሚሆነው፤ ነፋስ እንዳይገፋው በፕላስተር ይያዝ። ከዓይን ሌንሱ ጋር የሚጠመዘዘውን ትንሽ ጥቁር መስታወት ጣለው፣ በሙቀት ይሰነጠቃል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ ለታየው የቀለበት ግርዶሽ የተገዛው መነጽር ለባዶ ዓይን የተሠራ ነው፤ ከቴሌስኮፕ ጋር አይገናኝም። የራጅ ፊልምም እንዲሁ። ትንሿን መፈለጊያ ቴሌስኮፕ ንቀላት ወይም ክደናት፤ ፀሐይን የምታገኘው የቴሌስኮፑ ጥላ መሬት ላይ በጣም ትንሽ እስኪሆን ድረስ በማዞር ነው። 540 ናኖ ሜትር ላይ የሚሠራው አረንጓዴ ማጣሪያ በጣም ይጠቅማል፣ ግን ከፊት ካለው ፊልም ጋር ተጨምሮ እንጂ ብቻውን የፀሐይ ማጣሪያ አይደለም። ፊልሙ ቢጨማደድ አትጨነቅ፤ እንደ ከበሮ ቆዳ ወጥረህ ስትለጥፈው ነው ምስሉ የሚበላሸው። በየጊዜው ወደ መብራት አድርገህ ቀዳዳ እንደሌለው እየው።

ዋናው ግን አየሩ ነው፤ ግራኑሌሽን አልወጣልኝም ከሚለው ሰው አብዛኛው እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። ብዙ ሰው ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ 6 ሰዓት ላይ ያነሳል። ያን ጊዜ ቆርቆሮ ጣሪያውም አስፋልቱም ግሎ ሙቅ አየር ወደ ላይ ይለቃል፣ የፀሐይ ጠርዝም እንደ ፈላ ውኃ ይንተከተካል። እኛ አገር ጥሩው ሰዓት ከጠዋቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ተኩል ነው፤ ፀሐይ ከ25 እስከ 40 ዲግሪ ከፍ ብላለች፣ መሬቱ ገና አልጋለም። ከዚያ በፊት ብርሃኑ ወፍራም አየር አቋርጦ ነው የሚመጣው። ሣር ላይ ቁም፤ ኮንክሪት ሰገነት ላይ ወይም ከቆርቆሮ ጣሪያ በላይ አትትከል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ላይ ናት ብሎ መኩራራት እዚህ ብዙም አይሠራም፤ ምስሉን የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ ከቱቦው ፊት ያለው ጥቂት ሜትር ሙቅ አየር ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያሉት ጥዋቶች ምርጥ ናቸው።

ትኩረቱን በነጠብጣቡ ጠርዝ ላይ አስተካክል፤ ጥቁሩ መሐል ከግራጫው ዙሪያ የሚለይበት መስመር ስለት ሲሆን ደርሰሃል ማለት ነው። ግራጫው ጨርሶ ካልታየህ ካሜራው በጄፔግ ንፅፅሩን እያጋነነብህ ነው፣ በሮው፣ ማለትም ካሜራው ባላቀናበረው ጥሬ ፋይል አንሳ። ላፕቶፑን ካርቶን ውስጥ ከትተህ ራስህን በጋቢ ሸፍን፤ በፀሐይ ብርሃን ስክሪን አይታይም። ቱቦው ሲሞቅ ትኩረቱ ስለሚሸሽ በየ10 ደቂቃው አስተካክል።

አንድ ፎቶ መቼም አይበቃም። በካኖኑ በላይቭ ቪው ከ50 እስከ 100 ሮው ፎቶ ቶሎ ቶሎ ውሰድ፤ በፕላኔት ካሜራ ደግሞ በሻርፕካፕ ወይም በፋየርካፕቸር በሚባሉት የመቅረጫ ፕሮግራሞች ከ1000 እስከ 2000 ፍሬም፣ ሂስቶግራሙ (የብርሃን መጠን ማሳያው) 70 በመቶ ላይ፣ ጌይኑ (የካሜራው ብርሃን ማጉያ) ዝቅ ብሎ። ነገር ግን ቀረጻው ከአንድ ደቂቃ አይለፍ። ገጹ ሽሮ ሲንተከተክ እንደምታየው ነው፦ ሙቁ በፍሬዋ መሐል ይወጣል፣ የቀዘቀዘው በጥቁሩ ዳር ይሰምጣል። የአንዲት ፍሬ ዕድሜ 10 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ረጅም ቀረጻ ራሱ ያደበዝዛል። ከዚያ አውቶስታከርት በሚባለው ፎቶ መደራረቢያ ፕሮግራም፣ ሰርፌስ በሚለው ምርጫ፣ ማሰሪያ ነጥቡን ነጠብጣቡ ላይ አድርገህ ምርጡን ከ5 እስከ 10 በመቶ ብቻ ደራርብ። ከካኖኑ ፎቶዎች ግን ሩብ ያህሉን ያዝ፤ ከዚያ ካነሰ ጩኸቱ (ካሜራው ራሱ የሚፈጥረው የምስል ብጥብጥ) አይጠፋም።

የተደራረበውን ምስል ስለት ማድረጉ ላይ ነው ሰው ራሱን የሚያታልለው። ኢምፒፒጂ በሚባለው ምስል ማሾያ ፕሮግራም ሲግማ የሚለውን ቁጥር ከ1 እስከ 1.5 አድርግና ቀስ በቀስ ጨምር። ከልክ ስታሳልፍ ጩኸቱ ትል የመሰለ ክር እየሆነ ይወጣል፤ ከሩቅ ሲያዩት ቁርጥ ግራኑሌሽን ነው። እውነተኛውን ለመለየት በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ቀረጻ ውሰድ፣ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ቁጥር ሥራ፣ ከዚያ አንዱን በሌላው ላይ አድርገህ እያፈራረቅህ ተመልከት። ፍሬዎቹ እዚያው ቦታቸው ላይ ከተገኙ ፀሐይ ናት። ቅርጹ ሁሉ ከተለዋወጠ ግን ያወጣኸው የካሜራህን ጩኸት ነው፤ ሲግማውን ቀንሰህ ሌላ ጥዋት ሞክር።