ሉፑን ገና አታስወጪው

«የሆርሞን ሉፕ (ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ የወሊድ መከላከያ) ካስገባሁ 6 ሳምንት ሆነኝ፣ ደሙ አልቆመም፣ ላስወጣው?» ላልሽው፦ አታስወጪው። ሆርሞን ያለው ሉፕ ከገባ በኋላ ከ3 እስከ 6 ወር ደም ጠብ ጠብ ማለቱ የተለመደ ነው። ሆርሞኑ የማህፀንን ግድግዳ እያሳሳው ሲሄድ ደሙም ይቀንሳል፤ አንዳንድ ሴቶች ላይ ጭራሽ ይቀራል። ያኔ «ደሜ ውስጤ ተጠራቀመ» ብለሽ እንዳትጨነቂ፣ የሚጠራቀም ነገር የለም።

ትኩሳት፣ ከባድ የሆድ ቁርጠት ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካለ ግን ቀን አትቁጠሪ። እዚህ ድሬዳዋ ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም ቅርብሽ ያለ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

አቦ፣ አንድ አደራ፦ ሉፑ ሲገባ የተሰጠሽን ካርድ አትጣዪ። እኔ ከሳቢያን ወደ ከዚራ ቤት ስቀይር ጠፋብኝ። ሉፔ የመዳቡ ይሁን የሆርሞኑ፣ መቼ እንደገባም ማስረጃ አጣሁ። የሆርሞኑ እንደ ዓይነቱ ቢበዛ እስከ 8 ዓመት ነው የሚሰራው፣ የመዳቡ ከዚያ ይረዝማል። ካርዱን ዛሬውኑ በስልክሽ ፎቶ አንሺው።