ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ስትወርዱ

ልጆቼ፣

ባለፈው ፋሲካ ቡና ላይ ተቀምጠን የጎረቤቴ ልጅ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት የደረሰ ብሩህ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ የምድር አየር ንብረት ድሮም ሲለዋወጥ የኖረ አይደል? እርስዎ ራስዎ ትግራይ በረዶ ነበር ይሉን የለም እንዴ? ታዲያ አሁን ምን አዲስ ነገር መጣና ነው ይህ ሁሉ ጫጫታ?» እናቱ «ጋሼን አታድክማቸው» ብላ ገሠጸችው እንጂ ልጁስ የሚጠየቀውን ነው የጠየቀው። የምድርን ታሪክ ለማንበብ ዕድሜዬን ሙሉ ድንጋይ ስቀጠቅጥ የኖርኩ ሰው ነኝና በሁለት ቃል መመለስ አልሆነልኝም። ይኸው ጻፍኩ፤ ለእሱም፣ ይህን ሙያ ለያዛችሁት ለእናንተም።

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሄደ ሁሉ አባይ በረሃን ያውቀዋል። ጎሃ ጽዮን ላይ አፋፉን ትለቁና መኪናው እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ፍሬኑ ይሸታል። ተሳፋሪው ግማሹ ዳዊት ይደግማል፣ ግማሹ መጋረጃውን ስቦ ይተኛል። እኔ ደግሞ በመስኮቱ በኩል ያለውን ወንበር ለማግኘት ከሰው ጋር የተጣላሁበት ጊዜ አለ፤ በእያንዳንዱ ኩርባ በሚሊዮን የሚቆጠር ዓመት ወደ ኋላ የሚኬድበት መንገድ ነውና።

አፋፉ ላይ የምታዩት ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መሬቱ ተሰነጠቀና የቀለጠ ዓለት እንደ ጎርፍ ፈሰሰ፤ አንዱ ሲረጋ ሌላው በላዩ እየተነጠፈ። አብዛኛው የወጣው አንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በሚሆን ጊዜ ውስጥ ነው፤ ለምድር ይህ እንደ አንድ ክረምት ነው። ስሜን ላይ ክምሩ ወደ 2 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ጤፍ የምናበቅልበት መረሬ አፈር ከዚያ ድንጋይ የተፈጨ ዱቄት ነው። ደጋችን ከፍ ብሎ ዝናብ የሚስበው፣ አባይም ይህን ገደል የቆፈረው በዚያ ምክንያት ነው። እሳቱ በረድ ካለ በኋላ ሕይወት እንዴት እንደተመለሰ ማየት የፈለገ ደግሞ ጎንደር አጠገብ ወደ ጭልጋ ይሂድ። ከ27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ የዝሆን ቅድመ አያቶች አጥንትና የጥንት ደን ቅጠል እዚያ በደለል ውስጥ ተቀብሯል።

ከባዛልቱ ዝቅ ስትሉ አሸዋ ድንጋይ ይመጣል። በሁለቱ መካከል ያለው መስመር እንዳያመልጣችሁ። አሸዋው ከዳይኖሰሮች ዘመን ነው፣ ባዛልቱ የ30 ሚሊዮን ዓመት ነው፤ በመካከል ያለው በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዓመት የለም፣ ተሸርሽሮ ሄዷል። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከሰማይ የመጣ ዓለት ዛሬ ሜክሲኮ በምትባለው ምድር ወድቆ ዳይኖሰሮቹን ሲያጠፋ የሆነው ሁሉ ከዚህ ገደል ላይ የተቀደደ ገጽ ነው። ተማሪዎቼን እዚህ መስመር ላይ አቁሜ «ጣትህን አኑርበት» እል ነበር። ጣቱን ያኖረ ሰው አይረሳውም።

ከዚያ በኋላ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ። እዚህ ባሕር ነበር። መዶሻ ሳታነሡ እንኳ ዛጎል ታገኛላችሁ፤ መቀሌ አካባቢም ያው ዓይነት ድንጋይ አለ። ከኖራው በታች ጂፕሰም፣ ማለትም ጥልቀት የሌለው ባሕር በሙቀት ሲተንን ጥሎት የሄደው አተላ። ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ቀላ ያለ አሸዋ ድንጋይ፣ ባሕሩ ሳይመጣ በፊት ወንዞች ያመጡት። የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ እሳት፣ አሸዋ፣ ባሕር፣ ጨዋማ ረግረግ፣ ወንዝ።

አሁን ወደ ትግራዩ በረዶ። ይህን የማወራው በእውቀቴ ለመኩራት አይደለም፣ አንድ ጊዜ አፍሬበታለሁ። ወጣት ሳለሁ እዳጋ አርቢ አካባቢ ጭቃና ጠጠር የተደባለቀበት ዓለት አየሁና ማስታወሻዬ ላይ «የጎርፍ ደለል» ብዬ ጽፌ አለፍኩ። ማታ ድንኳን ውስጥ ትልቁ አለቃችን አንዱን ጠጠር በፋኖስ አስጠግተው «ይህ ጭረት ምንድን ነው?» አሉኝ። ጠጠሩ ላይ ቀጫጭን ትይዩ መስመሮች ነበሩ። ጎርፍ ጠጠርን ያድበለብላል እንጂ እንዲህ አይጭርም። የሚጭረው የበረዶ ግግር ነው፤ ጠጠሩን ከሥሩ ይዞ ዓለት ላይ እየጎተተ። ከ300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ይህ ምድር ከደቡብ አሜሪካ፣ ከሕንድና ከአንታርክቲካ ጋር አንድ አህጉር ነበረ፣ ለደቡብ ዋልታም ይቀርብ ነበር። አህጉሩ በዓመት በሴንቲ ሜትር እየተንፏቀቀ ነው እዚህ የደረሰው። ማስታወሻዬን ሰርዤ እንደገና ጻፍኩ። የሰረዝኩት ገጽ ዛሬም አለ፤ ገጹን እንዳትቀድዱት፣ ሰርዛችሁ ከጎኑ ጻፉ።

አህጉር የሚንፏቀቅበት ሰዓት አንድ ነው፣ ፈጠን የሚል ሌላ ሰዓት ደግሞ አለ። ምድር ፀሐይን ስትዞር መንገዷ ክብ አይደለም። በዘመናችን ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው ታኅሣሥ 25 ገደማ፣ ገና ሊደርስ ሦስት አራት ቀን ሲቀረው ነው። ይህ ቀን ግን በየዘመኑ ይንሸራተታል፤ ዙሩን ለመጨረስ 20,000 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ከ11,000 ዓመት ገደማ በፊት ምድር ለፀሐይ የምትቀርበው በክረምታችን ነበር። ያን ጊዜ የሰሜኑ የብስ አብዝቶ ይሞቅ፣ የባሕሩንም እርጥበት አብዝቶ ይስብ ነበር። ሰሐራ ሣር አበቀለ፣ ጉማሬም ኖረበት። የእኛዎቹ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ሐይቅ ሆኑ፤ ውኃው ከዛሬው የሻላ ወለል ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። ቡልቡላ አካባቢ ከሐይቁ ርቃችሁ ሜዳ ላይ የውኃ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ብታገኙ አትደነቁ። ከ5,000 ዓመት ገደማ ወዲህ ነው ዝናቡ ተመልሶ የሳሳው።

ተቃራኒውም ሆኗል። ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ሰሜኑ ዓለም በበረዶ ተይዞ ሳለ፣ ጣና ደርቆ ነበር። ጣና! ዛሬም ቢሆን ጥልቀቱ 15 ሜትር አይሞላምና ዝናብ ከከዳው አያስተማምንም። ያን ጊዜ ከጣና ወደ አባይ የሚወጣ ውኃ አልነበረም።

ሰውም በዚህ ሁሉ ውስጥ አለ። ድንቅነሽ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ስትገኝ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ቅሪት ናት፤ የኖረችበት አገር ግን የዛሬው አፋር አልነበረም፣ ዛፍ፣ ሣርና ውኃ ነበረው። እኔ ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ባሌ ነው። ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ሰዎች ከ3,400 ሜትር በላይ ባለ የዓለት ጥላ ሥር ይመላለሱ ነበር። ከበላያቸው ተራራው ግግር በረዶ ተሸክሟል። የበረዶውን ቅላጭ ጠጥተው ትልቁን ፍልፈል እየጠበሱ በሉ። የተጠበሰው አጥንት እዚያው አመዱ ውስጥ ተገኝቷል። ሰው ይለምዳል፤ ጊዜ ካገኘ።

የጎረቤቴ ልጅ ጥያቄም እዚህ ላይ ነው የሚመለሰው። ልክ ነህ ልጄ፣ ድሮም ተለዋውጧል። የጎደለህ ሰዓቱን ማየት ነው። የመጨረሻው የበረዶ ዘመን ሲያከትም በአየር ውስጥ ያለው፣ ሙቀት አፍኖ የሚይዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት ውስጥ ከ190 ገደማ ተነሥቶ 75 ያህል ጨመረ፤ ለዚያ 7,000 ዓመት ገደማ ፈጀበት። ከፋብሪካ ዘመን በፊት 280 ነበር፣ ዛሬ ከ420 አልፏል፤ ለዚያ የፈጀው 200 ዓመት ገደማ ነው። የመጀመሪያው ጭማሪ እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው፣ ከሠላሳ አምስት አንዱ በሚሆን ጊዜ። በረዶውን ያቀለጠው የምድር ዑደት ደግሞ በ200 ዓመት ውስጥ ይህን ለማድረግ አይችልም፤ እሳተ ገሞራውም ቢሆን በየዓመቱ የሚያወጣው ሰው ከሚያወጣው እጅግ ያነሰ ነው።

ተፈጥሮ ሁልጊዜ ዝግተኛ ናት አልልም። መስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ላይ ዳባሁ እሳተ ገሞራ አጠገብ መሬቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ይዞ ተተረተረ፣ አንዳንድ ቦታ ላይ በሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተላቀቀ። ይህ ግን የአንድ ቦታ ነገር ነው። መላው ዓለም በአንድ ጊዜ ሲፈጥን ሌላ ነው።

ፍጥነቱ ማንን እንደሚጎዳ ለማየት ደግሞ ባሌ ወዳለው ሳነቴ አምባ ውጡ። ቀይ ቀበሮ ብርድ ወዳድ ነው፤ የበረዶው ዘመን ሲያልፍ ደጋው ላይ ብቻ ተወስኖ ቀረ። ዛሬ በመላው አገሪቱ ያለው 500 ገደማ ነው። ሲሞቀው ወደ ላይ ይወጣል፤ የገብሱ ማሳም ከሥር ይከተለዋል፤ ተራራው ግን ጫፍ አለው።

ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በኮምፒውተር ሞዴል ትሠራላችሁ። ጥሩ ነው፣ እኔ የማልችለውን ትችላላችሁ። ነገር ግን አንድ ጊዜ የሐይቅ ደለል በእጃችሁ ሳትይዙ ስለ ሐይቅ አትጻፉ። ከብት ጠባቂውንም ጠይቁ፤ ምንጩ የት እንደደረቀ፣ በየትኛው ወር እንደሚደርቅ ከእናንተ ቀድሞ ያውቃል። አበል ተፈርሞበት የማይከፈልበት ጊዜ ይኖራል፣ እኔም ደርሶብኛል፤ ለማስታወሻ ደብተራችሁ ግን ከራሳችሁ ኪስ አትሰስቱ።

ወደ አባይ በረሃ ከወረዳችሁ በማለዳ 12 ሰዓት ከጎሃ ጽዮን ተነሡ። ከአራት ሰዓት በኋላ ቆላው አያስቆምም። ሾፌሩን አስቀድማችሁ አናግሩት፣ ነጩ ድንጋይ ጋ ሰፋ ያለ ኩርባ ላይ ያቁምላችሁ፤ ከበላያችሁ የሚናድ ድንጋይ አለመኖሩንም እዩ። ውኃ ለያንዳንዳችሁ ሁለት ሊትር። ዛጎል ያገኘ ፎቶ አንሥቶ እዚያው ይተወው፣ ከኋላችሁ ሌላ ተማሪ ይመጣል።