ጥፍሩ ለምን ይለቃል? ስለ አሻንጉሊት ማሽን የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በገበያ ማዕከላትና በልጆች መጫወቻዎች በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተንጠልጥሎ አሻንጉሊት ስለሚያነሣው ጥፍር በርካታ ጥያቄዎች ደርሰውናል። ከእነሱ ውስጥ አምስቱን በዚህ እትም መርጠን እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ የምናጥብበት ላውንድሪ ውስጥ አንድ የአሻንጉሊት ማሽን አለ፤ የ7 ዓመት ልጄ ከሥሩ አይጠፋም። ጥፍሩ አሻንጉሊቱን በደንብ ይዞ ያነሣዋል፤ ልክ ጫፍ ሲደርስ ግን ይለቀዋል። ተበላሽቶ ነው ወይስ እያታለሉን ነው?
የልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ እህታችን፣ ማሽኑ አልተበላሸም። እንዲለቅ ተደርጎ ነው የተስተካከለው።

የጥፍሩን ጣቶች የሚያጥፋቸው ከላያቸው የተቀመጠ የኤሌክትሪክ ኮይል፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት እንደ ማግኔት የሚስብ የሽቦ ጥቅል ነው። ወደ ኮይሉ የሚገባው ቮልቴጅ ከፍ ሲል ጣቶቹ ይጠብቃሉ፣ ዝቅ ሲል ይላላሉ። ባለቤቱ በሩን በቁልፍ ከፍቶ ውስጥ ባለው ሰሌዳ ላይ ይህን ልክ ይሞላል። የሚሞላው ደግሞ አንድ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ከታች ሲይዝ ምን ያህል ይጥበቅ፣ ሲወጣ ምን ያህል ይላላ፣ መላላቱ መቼ ይጀምር የሚለው ሁሉ ለየብቻ ይስተካከላል። የእናንተው ማሽን ከታች ጠንክሮ እንዲይዝና ጫፍ ሲደርስ እንዲላላ ተደርጓል። ጥፍሩን የሚያወርደውና የሚያነሣው ክሬን ጫፍ ሲደርስ በድንገት ስለሚቆም ትንሽ ይናጣል፤ ያቺ መናጥ ላልቶ የተያዘን አሻንጉሊት ለመጣል ትበቃለች።

ታዲያ ሁልጊዜ ነው የሚለቀው? አይደለም። ብዙዎቹ ዘመናዊ ማሽኖች በተወሰነ ጨዋታ መካከል አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ጠንክረው ይይዛሉ። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ አሻንጉሊቱ ባለቤቱን 4 ዶላር ያስወጣዋል እንበል፣ አንድ ጨዋታ 1 ዶላር ነው፣ ባለቤቱም ከገቢው 25 በመቶውን ብቻ ለሽልማት ማውጣት ይፈልጋል። ስለዚህ ለአንድ አሻንጉሊት 16 ዶላር መግባት አለበት፤ ይህም ማለት በአማካይ ከ16 ጨዋታ አንዱ ብቻ ሙሉ ጉልበት ያገኛል። ለሽልማት 50 በመቶ ቢመድብ ኖሮ ከ8 አንድ ይሆን ነበር። ተጫዋቾች ቆጥረው እንዳይደርሱበት ብዙ ማሽኖች ያንን ተራ ከአማካዩ ወዲህና ወዲያ ያወዛውዙታል። ጠንካራው ተራ መጥቶ ተጫዋቹ ዒላማውን ከሳተ ደግሞ በአንዳንዶቹ ዕድሉ ወደ ቀጣዩ ጨዋታ ይተላለፋል።

ስለዚህ ገንዘብ ከማስገባትዎ በፊት ቆመው ሌሎች ሲጫወቱ ይመልከቱ። ዓይንዎ መሬት ያለው አሻንጉሊት ላይ ሳይሆን ክሬኑ ጫፍ ሲደርስ ጣቶቹ ላይ ይሁን። በእያንዳንዱ ጨዋታ እዚያው ቦታ ላይ ከፈት ካሉ ማሽኑ በተራ የሚሰጥ ነው። አንዴ ይዞ አንዴ የሚለቅ ከሆነ፣ የሚለቅበትም ቦታ ከተለያየ፣ ጉዳዩ አነጣጠር ነው፤ እዚያ ላይ መሞከር ያዋጣል። ብዙ ሰው ተጫውቶ ማንም ያላወጣበት ማሽን ዕድሉ ቀርቧል ማለት ይቻላል፤ እርግጠኛ መሆን ግን አይቻልም።

ማታለል ነው ወይ ላሉት፣ ከስንት ጨዋታ አንዱ እንደሚሳካ ማሽኑ ላይ ቢጻፍ ኖሮ ቅር ባላለን ነበር። በአብዛኛው አይጻፍም። ልጁ ጥፋቱን ወደ እጁ ስለሚወስድ አብራችሁ ቆማችሁ ጣቶቹ ሲላሉ ቢያሳዩት መልካም ነው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 16 ነው። እኛ ሰፈር አዲስ የተከፈተ ሞል ውስጥ ባለ ሦስት ጣት ጥፍር ያለው ማሽን ገብቷል። እንዴት ነው የሚነጣጠረው? ጓደኞቼ ሁሉ ዝም ብለው ትልቁን ድብ ነው የሚሞክሩት።
ተማሪ፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ ትልቁን ድብ ተወው። ጣቶቹ ሙሉ በሙሉ ሲከፈቱ ከሚሸፍኑት ስፋት የሚበልጥ ነገር አይያዝም፤ ትልቁ ድብ እዚያ የተቀመጠው ሰው ለመጥራት ነው።

ጨዋታው የሚጀምረው ጆይስቲኩን ከመንካትህ በፊት ነው። መጀመሪያ መስታወቱን ዞረህ ተመልከት። አሻንጉሊቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተጠቅጥቀው ከሆነ ሂድ፤ ጣቶቹ ወደ ጎን የሚገቡበት ክፍተት ስለሌላቸው ላይ ላዩን ብቻ ይንሸራተታሉ። ሠራተኛው አሁን ሞልቶ የዘጋው ማሽን እንዲህ ነው። ሰው ከተጫወተበት በኋላ ግን ክምሩ ይላላል። ከዚያ ጣቶቹ ሲገጥሙ እያቸው፦ ጫፎቻቸው ካልተገናኙና ክፍተት ከቀረ፣ ትንንሾቹ አሻንጉሊቶች በመሐል ይሾልካሉ።

የምትመርጠው አሻንጉሊት ከክምሩ ላይ የተቀመጠ፣ ቢያንስ ግማሽ አካሉ የወጣ፣ ሌላ ነገር ያልተጫነውና እግሩ ያልተቀበረ ይሁን። ከመውጫው ቀዳዳ አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ቢርቅ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው፤ የሚጓዘው መንገድ ባጠረ ቁጥር የሚወድቅበት ዕድልም ያጥራል። ቀዳዳው ዙሪያ ያለው ከለላ ከፍ ያለ መሆን አለመሆኑንም እይ።

የት ይያዝ? ክብደቱ ያለበት ጋ። የእነዚህ አሻንጉሊቶች ጭንቅላት ብዙ ጊዜ ከሰውነታቸው ይከብዳል፤ ሆዳቸውን ብትይዝ ጭንቅላታቸው ያዘነብልና ይገለበጣሉ። አንገትና ደረት መሐል አነጣጥር፤ ሁለት ጣቶች በብብቱ ሥር፣ ሦስተኛው በጀርባው ወይም በእግሮቹ መሐል ቢገባ ጥሩ አያያዝ ነው። ጥፍሩ ተንጠልጥሎ ሳለ የጣቶቹን አቀማመጥ ተመልከት፤ በአብዛኞቹ ማሽኖች አንተ ልታዞራቸው ስለማትችል አሻንጉሊቱን ነው ከእነሱ ጋር የሚስማማውን የምትመርጠው። ኳስ ከሆነ ጣቶቹ ከወገቡ በታች መድረስ አለባቸው፤ ከላይ ከያዙት ይንሸራተታል።

ከፊት ቆመህ ግራና ቀኙን በደንብ ታያለህ፤ ወደ ውስጥ ያለው ርቀት ግን ያታልልሃል። በጎን በኩል ዞረህ አስተካክል፣ ወይም ጓደኛህን በጎን መስታወት አቁመህ “ወደፊት”፣ “በቃ” እያለ ይምራህ። ይህ አንዱ ብቻ ብዙ የተሳቱ ጨዋታዎችን ያድናል። ሰዓቱን ደግሞ ቀድመህ እወቅ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ነው፣ ሲያልቅ ጥፍሩ ራሱ ይወርዳል። በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች በረዥሙ ተጠጋ፣ ከዚያ በአጭር በአጭሩ እየነካካህ አስተካክል። ጥፍሩ በገመድ ስለተንጠለጠለ ስታቆመው ይወዛወዛል፤ 2 ወይም 3 ሰከንድ ጠብቀህ ሲረጋ ቁልፉን ተጫን። እየተወዛወዘ ከወረደ ያነጣጠርክበት ቦታ ላይ አያርፍም።

አሁን ዋናውን እንንገርህ። ከላይ ለሜሪላንዷ እናት እንደጻፍነው ጥፍሩ ብዙ ጊዜ እንዲላላ ተደርጓል። ይህን በችሎታ ማለፍ የሚቻለው ማንሣቱን ትተህ መግፋቱን ስታስብ ነው። አሻንጉሊቱ የቀዳዳው አፋፍ ላይ ተደግፎ ከሆነ መሐሉን አትያዝ። ከቀዳዳው በራቀው ወገኑ፣ ለምሳሌ እግሩ ጋ አነጣጥር፤ ጥፍሩ እግሩን ትንሽ ሲያነሣው ጭንቅላቱ በራሱ ክብደት ወደ ቀዳዳው ይገለበጣል። ለዚህ የላላ ጥፍርም ይበቃል። በሁለት ወይም በሦስት ጨዋታ እያንከባለልክ ማቅረብም ትችላለህ፤ ግን ሦስት ጊዜ ሞክረህ ንቅንቅ ካላለ ከሥር ተይዟል ማለት ነውና ተወው።

ማሽኑን አትግፋ፣ አታናውጥ። ብዙዎቹ የመነቅነቅ መቆጣጠሪያ ስላላቸው ጨዋታው ይቆማል፤ ባለቤቶቹም ቢቆጡ መብታቸው ነው። ከመጀመርህ በፊት ተመሳሳዩ አሻንጉሊት ሱቅ ስንት እንደሚሸጥ ጠይቅ፤ ያወጣኸው እዚያ ሲደርስ ጨዋታው አብቅቷል።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄን ይዤ ስሄድ ይህን ማሽን ካልተጫወትኩ ይላል። ቁማር እንዳይሆንብኝ ፈራሁ። ሕጉ ምን ይላል?
አያት፣ ዳላስ፣ ቴክሳስ

መልስ፦ አባታችን፣ እርስዎ ባሉበት በቴክሳስ ሕግ ሽልማቱ ጥሬ ገንዘብ ካልሆነ፣ ዋጋውም የአንድ ጨዋታ ክፍያ 10 እጥፍን ወይም 5 ዶላርን፣ ከሁለቱ ያነሰውን ካላለፈ፣ ማሽኑ ከቁማር መሣሪያ አይቆጠርም። ጨዋታው 25 ሳንቲም ቢሆን እንግዲህ ጣሪያው 2 ዶላር ከ50 ነው። አገሮች ጣሪያውን በየራሳቸው ያስቀምጣሉ፤ በብሪታንያ ለዚህ ዓይነት ማሽን የአንድ ጨዋታ ክፍያ ከ1 ፓውንድ፣ ሽልማቱም ከ50 ፓውንድ አይበልጥም።

ይህ የሕጉ ነው። የኅሊናውን በተመለከተ ግን ስጋትዎ ተገቢ ነው ብለን እናምናለን፤ በተራ የሚሰጥ ማሽን ላይ ልጁ የሚጠብቀው ችሎታውን ሳይሆን ዕድሉን ነውና። ገና ከቤት ሳትወጡ 3 ዶላር ብለው ይቁረጡለት፣ በእጁም ይስጡት፤ ሲያልቅ አይጨመርም። “አንድ ጊዜ ብቻ” የሚባለው ጭማሪ ነው ልማድ የሚያመጣው።

ሌላም አለ። ትንንሽ ልጆች በሽልማቱ መውጫ በር ተስበው ማሽኑ ውስጥ ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ አውስትራሊያ፣ ኩዊንስላንድ ውስጥ አንድ የ3 ዓመት ሕፃን በዚሁ መንገድ ገብቶ ፖሊስ መስታወት ሰብሮ አውጥቶታል። ልጁ ክንዱን ወደ መውጫው ሲያስገባ ይከልክሉት። ድንገት ከገባ እግሩን ይዘው አይጎትቱ፤ በሩ ወደ አንድ ወገን ብቻ ስለሚታጠፍ ሊጎዳው ይችላል። እያነጋገሩ ያረጋጉት፣ ቁልፍ ያለውን ሠራተኛ ያስጠሩ፣ ቁልፉ ከዘገየ 911 ይደውሉ።

ጥያቄ፦ እዚህ ስልክና የእጅ ሰዓት የተቀመጠባቸው ማሽኖች አሉ። ያዋጣሉ?
አንባቢ፣ ዱባይ

መልስ፦ አያዋጡም። ከላይ ያለውን ሒሳብ ያስታውሱ፤ ሽልማቱ በተወደደ ቁጥር የሚጠበቀው ጨዋታ ይበዛል። የ3,000 ድርሃም ስልክ በ5 ድርሃም ጨዋታ፣ ባለቤቱ ምንም ሳያተርፍ እንኳ 600 ጨዋታ ይጠይቃል። የስልኩ ካርቶን ደግሞ ለስላሳና ማዕዘን ያለው ስለሆነ ባለ ሦስት ጣት ጥፍር አይጨብጠውም። ቁልፍን ቀዳዳ ውስጥ የማስገባት ማሽኖችም አሉ፤ ጥፍር ባይኖራቸውም ከእነዚህ ጋር ይመደባሉ። የተሞላላቸው የጨዋታ ቁጥር እስኪደርስ ድረስ ቁልፉ ጥቂት ሚሊ ሜትር አልፎ እንዲቆም ሊደረጉ ይችላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ካሊፎርኒያ ውስጥ በዚሁ ጉዳይ ክስ ቀርቧል።

ጥያቄ፦ ለሥራ ወደ ቶኪዮ እሄዳለሁ። የጃፓኖቹ ማሽኖች ይለያሉ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ለታናሽ እህቴ አንድ ፊጉር (የካርቱን ገጸ ባሕርይ ቅርጽ) ይዤላት ብመለስ ደስ ይለኛል።
መሐንዲስ፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ በጣም ይለያሉ፤ ችሎታ ዋጋ የሚያገኘውም እዚያ ነው። የጃፓኑ የጨዋታ ኩባንያ ሴጋ “ዩፎ ካቸር” የተባለውን ማሽን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ ዛሬ አኪሃባራ በተባለው የቶኪዮ ሰፈር ውስጥ እሱንና አምሳያዎቹን በየፎቁ ያገኛሉ። አንድ ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ 100 የን ነው፣ ብዙዎቹ ላይ በ500 የን 6 ጨዋታ ይሰጣል። ባለ ሦስት ጣቶቹን ይለፏቸው፤ እነሱ እዚያም በአብዛኛው በተራ የሚሰጡ ናቸው። ባለ ሁለት ክንዶቹን ይፈልጉ።

ፊጉሮች ብዙ ጊዜ የሚቀመጡት ካርቶናቸው በሁለት ትይዩ ዘንጎች ላይ እንደ ድልድይ ተጋድሞ ነው፤ ጃፓኖች ሃሺዋታሺ ይሉታል። እዚህ ላይ ካርቶኑን አንሥቶ መውሰድ አይታሰብም። የሚደረገው ማዞር ነው፦ በአንዱ ክንድ የኋላውን የቀኝ ማዕዘን ያነሡና ካርቶኑ ጥቂት ይዞራል፤ በቀጣዩ ጨዋታ የግራውን ማዕዘን። ሁለቱን እያፈራረቁ አንዱ ጫፍ ከዘንጉ እስኪወርድና ካርቶኑ ወደ ታች እስኪያዘነብል ይቀጥላሉ፤ ከዚያ ወደ ላይ የቀረውን ጫፍ በክንዱ ወደ ታች መጫን ነው። በየጨዋታው አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከተንቀሳቀሰ በትክክል እየሄዱ ነው። ዘንጎቹ ላይ ጎማ ከተጠቀለለ ካርቶኑ ስለማይንሸራተት ጨዋታው ይበዛል፤ ባዶ ብረት የሆነውን ይምረጡ።

ካርቶኑ መጥፎ ቦታ ላይ ከተቀረቀረ “ሱሚማሰን” (ይቅርታ) ብለው ሠራተኛ ይጥሩና በእጅዎ ያሳዩ። ወደ መነሻው ይመልሱልዎታል፤ ብዙ ከሞከሩም አንዳንዶቹ የት እንደሚነካ ያሳያሉ ወይም አቅረብ ያደርጉልዎታል። ይህ እዚያ የተለመደ ስለሆነ አይፈሩ።

የሽልማቱ ዋጋ በመመሪያ የተገደበ ነው፤ ቀድሞ 800 የን ነበር፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ወደ 1,000 የን ገደማ ከፍ ብሏል። ስለዚህ 1,500 የን አውጥተው ካልተሳካ ያቁሙ። እነዚሁ ፊጉሮች ካርቶናቸው ሳይከፈት በአኪሃባራና ናካኖ በተባለው ሌላ የቶኪዮ ሰፈር ባሉ ያገለገሉ ዕቃዎች መደብሮች ይሸጣሉ፤ አንዳንዴም ማሽኑ ላይ ከሚወጣው ባነሰ ዋጋ። ማሽኑ ላይ ያሸነፉትን ለመያዝ ግን ቦርሳ መያዝ አያስፈልግዎትም፤ ሠራተኞቹን ከጠየቋቸው የፕላስቲክ ከረጢት ይሰጣሉ።